የትርንጎ ምራቅ

ጡረታ ወጣሽ ይሉኛል። የት ወጣሁ? ጠዋት የይፋግ ትምህርት ቤት ደወል ሲመታ እግሬ ራሱ ተነሥቶ ይሄዳል። ነጠላዬን እየጎተትኩ በሩ ላይ ደርሼ እቆማለሁ። ልጆቹ ሲገቡ እጄን ዘርግቼ አንገት አንገታቸውን ካልነካሁ ቀኑ የነጋ አይመስለኝም። አዲሱ ዘበኛ ደግ ሰው ነው፤ «እማማ አትጠገብ፣ ዛሬም መጡ? ቤትዎ እሾህ አለበት እንዴ?» ይለኛል። እሾህስ የለበትም። ግን መቀመጥ አልችልም። ጥጥ ልፍተል ብል እንዝርቷ ከእጄ ትወድቃለች፣ ጋደም ልበል ብል ጎኔን ይቆረቁረኛል፣ ጎረቤት ሄጄ ላውጋ ብል ወሬው መሃል ላይ ብድግ እላለሁ። «ይች ሴትዮ ምን ነክቷታል?» ይባባላሉ። እንግዲህ የነካኝን ልንገራችሁ።

ሥራ የጀመርኩት ወረታ ነው፣ ካቶሊኮች በከፈቷት ትንሽ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ። ያን ጊዜ በእኛ ሀገር «ኮተሊክ» ሲባል ሕፃኑ ሁሉ ያማትባል። አባቴ ደግሞ የቁሐር ሚካኤል መሪጌታ ነበሩ። «እኔ ሚካኤልን ላገልግል፣ ልጄ ለኮተሊክ ወጥ ትሥራ?» ብለው አንድ ክረምት ሙሉ አኮረፉኝ። እኔ ባሌን ፈትቼ የተመለስኩ፣ ከወንድሞቼ ሚስቶች ጋር ስጣላ የምውል፣ ምላሴ የማያርፍ ሴት ነበርኩ። «ማተቤን አልበጥስም፣ ጾሜን አልሽርም፣ የሚበሉትን እቀቅልላቸዋለሁ፣ አበቃ!» ብያቸው ወጣሁ። ስለ ደመወዙ አትጠይቁኝ፤ ከጨውና ከሳሙና አያልፍም ነበር።

አለቃችን ፈረንጅ ቄስ ነበሩ። አባ እንላቸዋለን። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ሁሉን ነገር በደወል ይፈልጉታል። ልጅ በደወል እንዲገባ፣ በደወል እንዲጸልይ፣ በደወል እንዲርበው። ከቁሐር ውሃ እየተሻገረ፣ ጭቃ እየወጣ የሚመጣ ልጅ ደወል ምኑ ነው? ዘግይቶ ሲደርስ በር ላይ ያቆሙታል፣ እኔ ከወጥ ቤት ሆኜ ደሜ ይፈላል።

ሥራዬን ሥራ ያደረጉልኝ እማሆይ ሉቺያ ናቸው። የከረን ሴት ናቸው፤ ጠይም፣ አጭር፣ ካቶሊክ ሆነው የተወለዱ። አማርኛቸው ኮልታፋ ነው፣ ቁጣቸው ግን አይኮላተፍም። ልጆቹን የሚጠብቁት፣ የታመመ የሚያስታምሙት፣ ያዘነ የሚያጽናኑት እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን አንድ ልጅ አፍንጫው ውስጥ አልቅት ገብቶበት አስተማሪዎቹ ከበው ይጎትታሉ፣ ልጁ ደም በደም ሆኖ ይጮኻል። ከወጥ ቤት ዘልዬ ወጣሁ። «ልቀቁት! እንዲህ ከጎተታችሁት ተቆርጦ ይቀራል!» ብዬ አባረርኳቸው። ልጁ ውሃ እንዳይጠጣ ከልክዬ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። በጣም ሲጠማው ቀዝቃዛ ውሃ በጣባ አድርጌ ከአፍንጫው ሥር ያዝኩለት። አልቅቱም ውሃው ሸቶት ራሱን ብቅ ሲያደርግ አመድ በነካ ጨርቅ ቀብ! እናቴ ለሁላችንም እንዲሁ ነበር የምታደርገው። እማሆይ ቆመው አይተው ኖሯል። «ከዛሬ ጀምሮ ወጥ ሌላ ሰው ይሠራል፣ አንቺ ከእኔ ጋር በር ላይ ነሽ» አሉኝ።

በር ላይ መቆም ቀላል ይመስላችኋል። እማሆይ እያንዳንዱን ልጅ ሲሳለሙ በእጃቸው ጀርባ አንገቱን ከጆሮው ሥር ነካ ያደርጉታል። ልጁ ምርቃት ይመስለዋል። «ግንባርን ፀሐይ ይመታዋል፣ አንገት ግን አይዋሽም» ይሉኛል። እኛ ሀገር ክረምቱ አልፎ ወንዞቹ፣ ርብና ጉማራ፣ ሜዳውን ለቀው ሲሸሹ ንዳድ ይመጣል፤ ወባ የምትሉት። ጠዋት የተያዘ ልጅ ኪኒኑን ቶሎ ከዋጠ ይተርፋል፣ ሰው እስኪያውቅለት ከቆየ ግን ወዮለት። ንዳዱ ብቻ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ያለ ልክ የሚስቅ ልጅ ጦሙን አድሯል። እጁን ከኋላው የሚደብቅ ተገርፏል። ከመንገድ ብዛት ቆሞ የሚያንቀላፋ አለ፤ ለእሱ ክፍሉ ጥግ ላይ ቁርበት አንጥፈውለት ነበር። አባ «ይህ ትምህርት ቤት ነው ወይስ ማደሪያ?» ብለው ቢቆጡ፣ «ተኝቶ የሚነሣ ይማራል፣ ቆሞ የሚተኛ አይማርም» ብለው እማሆይ አፋቸውን አስያዟቸው። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ የዱቄት ወተቱን በርሜል ራሳቸው ይቆልፉና ቁልፉን ኪሳቸው ይከቱታል፣ የልጆቹ ጾም እንዳይፈርስ። አባቴ ይህን ከሰሙ ወዲያ ነው ማኩረፉን የተዉት።

ከሁሉ ከሁሉ የማልረሳው ግን ምስር ለቀማቸውን ነው። ልጅ ሲከፋው «ምን ሆንክ?» አይሉም። እኔ ነበርኩ እያፋጠጥኩ «ተናገር!» የምል፤ ልጁም ጭራሽ ይዘጋል። እሳቸው ሰፌድ ላይ ምስር ይዘረጉና «ና አግዘኝ፣ ዓይኔ ጠጠሩን አይለይም» ይላሉ። ዓይናቸው እኮ የጭልፊት ነው! ልጁ ጎናቸው ይቀመጣል፤ ጎን ለጎን፣ ፊት ለፊት አይደለም። ጠጠር ይለቅማሉ፣ ዝም። ይለቅማሉ፣ ዝም። እኔ ዝምታው ያሳብደኛል፣ እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ። ሰፌዱ ሊያልቅ ሲል ልጁ ከምስሩ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ «አባቴ እናቴን መታት» ይላል፣ ወይ «ሊድሩኝ ነው» ትላለች። ከዚያ በኋላ ነው ሥራው የሚጀመረው።

እንግዲህ ትርንጎ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። እናቷ ብርቄ ሸክላ ሠሪ ናት፣ ከባለጆቹ ሰፈር። አንድ ጠዋት አዲስ እንስራ በጀርባዋ አዝላ፣ ልጇን በእጇ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «እማሆይ፣ ልጄን ፊደል ያስቆጥሩልኝ፣ እንስራው የእርስዎ ነው» አለች። እማሆይ እንስራውን መለሱላት፣ ልጅቱን ተቀበሉ። ዐሥር ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ ዓይኗ ተንከራታች።

ወዲያው የተቀመጠችበት አግዳሚ ባዶ ሆነ። በእኛ ሀገር ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባላል፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ልጆቹ ቆሏቸውን ሲበሉ ወደ ግድግዳ ዞረው ጋቢ ይከናነባሉ፣ እንዳታያቸው። እኔስ? እኛ ቤት ባለጅ በደጅ ሲያልፍ እናቴ ሌማቱን ትከድናለች። ክፉ ሆና አይደለም፤ ዝናብ ሲመጣ ስጥ እንደሚነሣ እንዲያው የሚደረግ ነገር ነው። እኔም በመጀመሪያው ቀን ትርንጎ ወደ ወጥ ቤት ስትገባ እጄ ሳላዝዘው ድስቱን ከደነ። እማሆይ አዩኝ። ድስቱን ከፈቱና ለእሷ መጀመሪያ ጨለፉላት።

አንድ ልጅ ብቻ አልሸሻትም፤ ሙሉቀን። የእትየ ዘውዴ ልጅ፣ ምንም የማይፈራ ወስላታ። ትርንጎ በጭቃ ላም ትሠራለች፤ ሻኛዋ ቁልል ያለ፣ ቀንዷ አጠር ያለ፣ ቁርጥ የፎገራ ላም። ሙሉቀን ቆሎውን እየሰጠ፣ ላሞቹን እየተቀበለ መንጋ አቆመ። ከዚያ ጎኗ ተቀመጠ፣ በዚያው ቀረ። እናቱ ብትቆጣ፣ ብትገርፈው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ። ትርንጎም ቀስ በቀስ መሳቅ ጀመረች። ፊደል ለየች፣ ዳዊት ልትደግም ነው እያልን እንቀልዳለን። እማሆይ አይተው አይተው «አትጠገብ፣ አንድ ልጅን ለማቆየት አንድ ጓደኛ ይበቃል» አሉኝ። እኛም የምንፈልገው ይኸንኑ ነበር፤ ትርንጎ እዚያ አግዳሚ ላይ እንድትቀር።

ጥቅምት ላይ ነው። ውሃው ከሜዳው ገና ሸሽቶ አላለቀም። እማሆይ ኪኒን ሊያመጡ ጎንደር ሄደዋል፣ በር ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ሙሉቀን ሲገባ አንገቱን ብነካው እሳት። ቆርቆሮው ውስጥ የቀረችውን ኪኒን አስዋጥኩት፣ ቁርበቱ ላይ አስተኛሁት። ረፋዱ ላይ መቃዠት ጀመረ። «ትርንጎ! ትርንጎ፣ ጠብቂኝ!» ይላል። ላሞቹን እየነዳ ይሆናል፣ እኔ ምን አውቃለሁ።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። በእኛ ሀገር ቡዳ የያዘው ሰው ይለፈልፋል፤ ሲለፈልፍ የበላውን ሰው ስም ይጠራል። ያም የተጠራው ሰው መጥቶ ከተፋበት ይለቀዋል። የገበያ ቀን ስለነበር እትየ ዘውዴ ወሬው ደርሷት እየጮኸች መጣች፣ ገበያተኛውም ከኋላዋ፤ ልጇን ከነቁርበቱ አውጥታ ደጅ አስተኛችው። አባ ከቢሯቸው ወጥተው «ፖሊስ! ፖሊስ!» አሉ፣ የሚሰማቸው ሲያጡ ሮጠው ሄደው ደወሉን ደወሉ። ወይ ደወል! ያልሰማው ሰው ሁሉ ምን ጉድ ነው ብሎ መጣ። እኔ ከወጥ ቤት ያነሣሁትን ጭልፋ ይዤ በሩ ላይ ተገተርኩ።

«ልጀን በላችው!» አለች ዘውዴ፣ ፀጉሯን እየነጨች። «ስሟን እየጠራ ነው፣ አንችም ሰምተሻል!»

«እትየ ዘውዴ፣ ንዳድ ነው! ኪኒን ውጧል፣ ትንሽ ታገሽ!»

«ኪኒን ቡዳ ያስለቅቃል እንዴ?»

አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቀረብ አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ማስታረቃቸው ነው። «ልጄ አትጠገብ፣ ነገሩን አታክብጅው። ልጅቱ ወጥታ ትፍ ትበልበት፣ ይለቀዋል፣ ሰዉም ይበተናል። እምቢ ካለች ግን ከቀሚሷ ቀደን እናጤስበታለን፣ ያ ደግሞ ለእሷም አይበጅ።»

«የሚነካት ካለ በዚህ ጭልፋ አናቱን እለዋለሁ!» አልኩ። ሰው ሳቀ። አንዳንዱ ግን ድንጋይ አንሥቷል።

ትርንጎ ከኋላዬ ቀሚሴን ያዝ አደረገችኝ። «እትየ አትጠገብ፣ ልትፋበት።»

«ዝም በይና ግቢ!»

«ብተፋበት ይድናል?»

ምን ልበላት? አዎ ብላት ቡዳ ነሽ ማለቴ ነው። «የሚያድነው ኪኒኑ ነው» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «እንግዲያ ብተፋም ባልተፋም ይድናል። ታዲያ እናቱ ለምን ታለቅሳለች?» አለችኝ። በክንዴ ሥር ሾልካ ወጣች። እኔ ያን ሁሉ ሰው ያቆምኩ ሴትዮ አንዲት ቀጭን ልጅ ማቆም አቃተኝ! ሙሉቀን አጠገብ ተንበረከከች፣ ትፍ፣ ትፍ አለችበት፣ ከዚያ ራስጌው ተቀመጠች። ድንጋይ ያነሣውም ጣለ።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ልጁን ላብ አሰመጠው። ዓይኑን ገልጦ ውሃ አለ። እትየ ዘውዴ እልል አለች፣ ሴቶቹም ተቀበሏት። የእኔ ኪኒን የት ሄደ? ማንም አላነሣትም። ሁሉም ትርንጎን ያያሉ። እስከዚያ ቀን ትጠረጠር ነበር፣ ከዚያ ቀን ወዲያ ተረጋገጠባት። እኔ እዚያው በሩ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰዉ ደስታዬ መስሎት «እሰይ፣ እሰይ» ይለኛል።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ የቆመውን ሰው ብታዩ! ንዳድ የያዘው ልጅ ያለው ሁሉ አዝሎ መጥቷል። «ትርንጎ ትትፋልኝ» ነው። ጤነኛ ልጅ ያለው ደግሞ ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያወጣ መጥቷል፤ ሙሉቀንንም እናቱ ወሰደችው። ትርንጎን በሕይወቷ ማንም ፈልጓት አያውቅም። መጀመሪያ ደስ ያላት መሰለኝ። ቆማ ትፍ ትፍ ስትል አፏ ደረቀ። «እትየ፣ ምራቄ አለቀ፣ ውሃ ስጭኝ» አለችኝ። ሁሉንም ተሳድቤ አባረርኩና በሩን ዘጋሁ።

እማሆይ ኪኒናቸውን ይዘው ሲመለሱ የሆነውን ነገርኳቸው። አባ ግን ነገሩ ጥሟቸው ኖሯል። «እናት ለምራቁ ትመጣለች፣ እኛ ኪኒኑን እንሰጣለን። ልጅ ይድናል። ምን ክፋት አለው?» አሉ። እማሆይ ሰፌዱን አወጡ፣ ምስሩን ዘረጉ፣ ትርንጎን ጎናቸው አስቀመጡ። እኔ ግቢውን ስዞር ዋልኩ። በሩ ውጭ ሰው ያጉረመርማል፣ እነሱ ጠጠር ይለቅማሉ።

«እማሆይ» አለች ትርንጎ በመጨረሻ፣ «እኔ ቡዳ ነኝ?»

የእማሆይ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሲቆም ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «አይደለሽም።»

«ሙሉቀን ታዲያ በምን ዳነ?»

«ኪኒን ውጦ።»

«ለእነሱም እንደዚህ ይንገሯቸው» አለች።

እማሆይ ተነሥተው በሩን ከፈቱ። «ምራቅ የለም። ኪኒን አለ፣ በነፃ ነው፣ ኑ ውሰዱ» አሉ። እናቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ኪኒን ሊቀበሉ አልነበረም የመጡት፣ ያውም ከኮተሊክ እጅ። አንድ በአንድ ዞረው ሄዱ። እየተከተልኩ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ በሚካኤል ስም ማልኩ። ከቁሐር የመጣች አንዲት ሴት ትንሽ ልጅ አዝላለች፤ የልጅቱ ራስ ጀርባዋ ላይ ይንከባለላል። «እባክሽ እኅቴ፣ ያባቴ ሀገር ሰው ነሽ፣ አንዷን ብቻ አስውጫት» ብላት ፈጥና ሄደች። ሳምንቱ ሳያልቅ በዚያ በኩል ለቅሶ ሰማን። የእሷ ነበር።

አበድኩ። እማሆይ ፊት ቆሜ ጮህኩባቸው። «እርስዎ ለአንዲቱ ሲሉ ሌላዋን ገደሉ! ትፍ ብትል ምን ይጎድልባት ነበር?»

እማሆይ ያን ቀን እህል አልቀመሱም። «አትጠገብ» አሉኝ፣ «አንዷን ልጅ የሌላው መድኃኒት አድርጌ ብሰጥ፣ ነገ በር ላይ ቆሜ የማንን አንገት እነካለሁ?»

 ዛሬም ድረስ ተኝቼ ሳስበው አንዴ እሳቸው ልክ ይሆናሉ፣ ተነሥቼ ሳስበው እኔ ልክ እሆናለሁ። ጎኔን የሚቆረቁረኝ ይኸ ነው።

ትርንጎ ለቅሶውን ሰምታለች። በማግስቱ ጠዋት መጣች፣ ግን በሩን አላለፈችም። «ኪኒኑን ስጡኝ» አለች ከውጭ ቆማ።

«ለምን?» አሉ እማሆይ።

«ቤታቸው እሄዳለሁ። ካልዋጡ አልተፋም እላቸዋለሁ።»

«ግቢና ተማሪ።»

«ከማን ጋር ልቀመጥ?» አለች።

እማሆይ ጎንበስ ብለው አንገቷን በእጃቸው ጀርባ ነኩ። እጃቸውን ቶሎ አላነሡም። ከዚያ ገብተው ቆርቆሮውን አመጡና ለእኔ ሰጡኝ። «አብረሻት ሂጂ» አሉኝ፤ ፊታቸውን ዞር አድርገው ነው።

ሄድን። ውሃው ጥልቅ በሆነበት በታንኳ፣ በቀጠነበት በእግራችን፣ ያን ጥቅምትና ኅዳር ፎገራን ከጎጥ ጎጥ አዳረስነው። በየደጁ ስንደርስ ትርንጎ ከአጥር ውጭ ትቆማለች፣ ግቢ የሚላት የለም። እኔ ኪኒኑን ይዤ እገባለሁ። መራራ ነው፤ ልጁ ይተፋዋል፣ እናቱ «በቃ ይቅርበት» ትላለች። ትርንጎ ከውጭ ሆና «ዋጠ?» ትላለች። «አልዋጠም!» እላለሁ። «እንግዲያ አልተፋም!» ያን ጊዜ እናቲቱ ራሷ የልጁን አፍንጫ ይዛ ታስውጠዋለች። ትርንጎ ብልጥ ናት፤ «ምላሱን ያውጣና ያሳየኝ» ሳትል ትፍ አትልም። በጀው፣ ልጆቹ ዳኑ። ሲዳን ግን ስሙ የማን እንደሚሆን አስቡት። እህል ቢሰጧት መሬት ላይ አስቀምጠው ገለል ይላሉ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሰጣት አንድ ሰው አላየሁም። እኔ በየቤቱ እየገባሁ እጣላለሁ፣ እሷ «ተይ እትየ፣ ይመሽብናል» ትለኛለች።

ንዳዱ ሲያባራ ትምህርት ቤት ልንመልሳት ሞከርን። ወላጆቹ «እሷ ከገባች የእኛ ይወጣሉ» አሉ፤ አንድም ልጅ ሳይቀር የተረፈው በእሷ ቢሆንም። አባ «ለጊዜው ትቆይ» አሉ። ያ ጊዜው ዛሬም አላለቀም። ብርቄ ልጇን ይዛ ወደ ጣራ ገዳም ግርጌ፣ ወገኖቿ ዘንድ ሄደች። እማሆይም ብዙ አልቆዩ፤ ወደ ሀገራቸው ሲዛወሩ ሰፌዱን ለእኔ ሰጡኝ። «አልቻልንም፣ አትጠገብ» ነበር ያሉኝ ስንሰነባበት። ማጽናናት ቢጤ ጠብቄ ነበር። እውነቱን ነገሩኝ።

ከዚያ ወዲያ ይፋግ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተቀጠርኩ። አለቆች መጡ፣ ሄዱ። አንዱ ሰክሮ ይመጣ ነበር፤ አንዱ ከስሙ በፊት ማዕረግ ካልጠራችሁለት አይሰማም፤ አንደኛዋ ወጣት ዲሬክተር ግን «እማማ፣ የሚሠሩትን አሳዩኝ» ብላ ሦስት ጠዋት በር ላይ አብራኝ ቆማለች። እኔ አንገት ነካሁ፣ ምስር ለቀምኩ። ቁርበቴንም ጥግ ላይ አነጠፍኩ። ወረቀቱ «ጽዳት ሠራተኛ» ይለኝ ነበር፤ ይበለኝ።

ትርንጎን ያገኘኋት እዚያው ይፋግ ገበያ ነው። ትልቅ ሴት ሆናለች። ድስትና ጋን ከገበያው ዳር ዘርግታ ትሸጣለች፣ ዳር ላይ ትንንሽ የጭቃ ላሞች ደርድራ። «እትየ አትጠገብ!» ብላ ተነሣች። አንድም ነገር አላነሣችብኝም፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን ሰፌዴን ይዤ ጎኗ እቀመጣለሁ። ገዢ እናቶች ልጃቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ እጃቸውን ዘርግተው ዕቃ መርጠው ይሄዳሉ። እኔ አጉረመርማለሁ፣ እሷ ዋጋ ትናገራለች።

ጡረታ በወጣሁ በቅርቡ እንዲሁ ተቀምጠን ሳለ አንድ ጫማውን ያሳመረ ጎልማሳ ትንሽ ልጅ ታቅፎ አለፈ። እኛ ጋ ሲደርስ የልጁን ፊት በጋቢው ሸፈነ። ትርንጎ ዓይኗን ከዕቃዋ ሳታነሣ «እትየ፣ ያ ልጅ አንገቱን ጥሏል፣ ሂጅ ንኪው» አለችኝ። ሮጥኩ። ብነካው እሳት። ቀና ብዬ አባትየውን ሳየው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሙሉቀን! ወረታ ጸሐፊ ሆኗል ሲሉ ሰምቼ ነበር።

«ንዳድ ይዞታል፣ አንተ! ወደ ክሊኒክ!» አልኩት።

ወደ ትርንጎ አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይታው ይሆን?» አለኝ።

ጭልፋ አልያዝኩም እንጂ! «አንተ ውለታ ቢስ…» ብዬ ስጀምር እሱ ጥሎኝ ሄዶ ፊቷ ቆመ። አወቃት። «ትርንጎ፣ እባክሽ… ትፊበት» አላት፣ ያ የተማረ ሰው።

«ዋጠ?» አለችው።

«ምኑን?»

«ኪኒን። ካልዋጠ አልተፋም። ሂድ አስውጠው፣ አስውጠህ ተመለስ።»

እየሮጠ ሄደ። እስኪመለስ ጠበቅን። ገበያው ተፈታ፣ ዕቃዋን ጫነች፣ አልመጣም። ያን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩት ለጠላቴ አይስጥ። ከደጅ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ደጅ። የቁሐሯ ልጅ ራስ ዓይኔ ላይ ይንከባለላል።

በሚቀጥለው ገበያ መጣ። ልጁን ታቅፎታል፣ ፊቱን እንደ ልማዱ ሸፍኖታል። ትርንጎ ፊት ቆሞ «ሳትተፊበት ዳነ» አለ። ገርሞታል።

ትርንጎ የያዘችውን ድስት አስቀመጠች። «አንተም ያን ጊዜ የዳንኸው በኪኒኑ ነው» አለችው።

 ልጁ ከጋቢው ሥር ተቁነጠነጠ፣ ጨርቁን በትንሽ እጁ ጎትቶ አወረደና ራሱን ብቅ አደረገ። የአባቱ እጅ ሊሸፍነው ተነሣ። እኔም ያን እጅ እንደ ልጅነቱ በጥፊ አልኩት።

«ተወው፣ ይያት!»

እጁን አወረደ። ልጁም አያት።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ቁጭ አልኩ፣ እስኪመሽ ሳልነሣ። በማግስቱ ደወሉ ሲመታ ግን እግሬ ተነሥቶ ሄደ።